ወደ ድሬዳዋ፣ የአባቴን ጣቢያ ላሳርም

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ፣ አባቴ፣ እና ጭኔ ላይ እንደ እንቁላል ተጠንቅቄ የያዝኩት የምናባዊ እውነታ መነጽር። የጉዞው ሰበብ ሥራዬ ነው። ጥፋቱም የእኔው።

ሥራዬ የድሮ ቦታዎችን በኮምፒውተር መልሶ መገንባት ነው። የቆዩ ፎቶግራፎችን እሰጣለሁ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ከፎቶው የጎደለውን እየገመተ ይሞላል፤ መነጽሩን ያጠለቀ ሰው እዚያው ቦታ እንደቆመ ግራ ቀኙን ያያል። አባቴ ስድሳ ዓመት ሲሞላው ተወልዶ ያደገባትን ድሬዳዋን፣ የባቡር ጣቢያዋን በደርግ ጊዜ እንደነበረች ሠራሁለት። ይደሰታል ብዬ ነበር። መነጽሩን አጥልቆ የባቡሩ መስኮት አጠገብ ሆነና ሸኚ የሚቆምበትን መድረክ አየ። ዞሮ ማዶ ያለውን ሜዳ አየ። ከዚያ አወለቀው።

"ይኸው፣ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ቢመጣ ኖሮ አየው ነበር" አለ።

የልጅነት ጓደኛውን አብዲን ማለቱ ነው። ከዚራ ሰፈር አብረው አድገው አንድ ዴስክ ላይ ተምረዋል። በሰባዎቹ መጨረሻ አባቴን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፤ አብዲ ቀረ። ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ መንገደኛ ሲሄድ ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ ጣቢያ ይሸኛል፤ ያልመጣ ሰው ምን እንዳሰበ ሁሉም ያውቃል። አባቴ ባቡሩ እስኪነቃነቅ መድረኩ ላይ አብዲን ፈለገ። አላየውም። "እሱ ስለተረፈ እኔን ማየት ከበደው" ብሎ ደመደመና ደብዳቤም አልጻፈለት። ከውትድርና ሲመለስም አዲስ አበባ ቀረ። ግን አርባ ዓመት ሙሉ አንድ "ምናልባት" አልጠፋችውም ነበር። የእኔ ማሽን እሷን ወሰደበት፤ ያን ቀን ማታ እራቱን አልበላም። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ጋሽ አብዲ እዚያው የድሮ ቤታቸው እንዳሉ አጠያይቄ ሳገኝ፣ "ጣቢያውን የሚያርምልኝ ሰው አለ፣ አብረን እንሂድ" ብዬ እያባበልኩ ጎተትኩት።

መንገዱ

አዳማ ላይ ቁርስ በላን። አዋሽን ስናልፍ ሙቀቱ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። ሚኤሶ ላይ ግመሎች መንገዱን ዘግተው ሹፌራችን ለሃያ ደቂቃ ተሳደበ፤ ግመሎቹ ግድም አልሰጣቸው። አሰበ ተፈሪ ዳገቱ ላይ ብርድ፣ ቁልቢ ላይ ጭጋግ፣ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ጆሮ መደፈን።

አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። የባጃጁ ልጅ አባቴን ገና ሲያየው "አቦ ግባ! ምን ትቆማለህ?" አለው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ፈገግ አለ።

"አሁን ድሬ ገባን። እዚህ ‘እርስዎ’ የሚልሽ ፖሊስ ብቻ ነው" አለኝ።

ከዚራ፣ በማግስቱ ጠዋት

ፈጢራ በማር በልተን ሄድን። አባቴ ግማሹን ተወው። ጋሽ አብዲ ሽርጥ ታጥቀው በራቸው ላይ ይጠብቁ ነበር። "ወፈርክ" አሉት። "ሸበትክ" አላቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም እኔን ብቻ ማየት ያዙ፤ እኔም ቶሎ ብዬ መነጽሩን ለጋሽ አብዲ አጠለቅኩላቸው።

"ወላሂ ጣቢያው ነው!" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተኮሳተረ። "ይሄ ሜዳ ምንድነው? ፉርጎዎቹን የት አደረስሻቸው?"

"ፎቶው ላይ አልነበሩም ጋሽ አብዲ። ማሽኑ ባዶ ቦታ አድርጎ ገምቶት ነው።"

"ንገሪው እንግዲህ። ከመድረኩ ማዶ፣ ሁለተኛው ሐዲድ ላይ የጭነት ፉርጎ ተደርድሮ ነበር። እኔ ከሱ ወዲያ፣ በሁለት ፉርጎዎች መሀል ባለችው ክፍተት ነበርኩ። የገባሁት በሠራተኛ በር ነው። አባቴ የባቡሩ ጋራዥ ውስጥ እየሠራ እኔ በፊት በር ቲኬት ቆርጬ ልግባ እንዴ?"

የነገሩኝን ጻፍኩ። ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ ሐዲዱ ላይ ቆሙ። አባቴ ከጎኔ ሆኖ ስክሪኑን እያየ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ "ይሄ ማሽን ያሉትን ሁሉ ይሠራል ማለት ነው። ፉርጎ ሲሉት ፉርጎ ያቆማል" አለ።

እውነቱን ነው። አፈርኩ።

ጋሽ አብዲ ግን ገና እያዩ ነበር። "መስኮቱ ላይ ያለው ጌታቸው ነው? ጸጉሩን ምን አድርገሽው ነው?"

ለመስኮቱ የሰጠሁት አባቴ በወጣትነቱ ፎቶ ቤት የተነሣውን ነው፤ ማሽኑም ከኋላው ትልቅ አፍሮ ሠርቶለታል።

"ያን ቀን ተላጭቶ ነበር እኮ" አሉ። "ከቀኝ ጆሮው ኋላ ብቻ ዘለውት አንድ ጭብጥ ጸጉር ቀርታለች። ‘ጌቾ! ጌቾ!’ እያልኩ ስጮኽ እሷን ነበር የማያት። አልዞረም። እኔ ስለቀረሁ ተቀይሞኛል ብዬ ተመለስኩ።"

የአባቴ እጅ ወደ ቀኝ ጆሮው ሄደ። ያን ጠዋት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ላጭተው በመኪና ከጫኗቸው በኋላ በቀጥታ ባቡሩ ውስጥ ነው ያስገቧቸው። መድረኩ ላይ የነበረ ሰው በመስኮት ያየው ፊቱን ብቻ ነው። ስለ ጸጉሯ እሱ ራሱ ያወቀው ማሠልጠኛ ሲደርስ ጓደኞቹ ሲስቁበት ነው።

"ሚስቴ እንኳ አታውቅም" አለ። "በዚያ ጫጫታ አልሰማሁህም። መድረኩን ነበር የማየው አብዲ። አንተን ስፈልግ።"

ጋሽ አብዲ መነጽሩን አወለቁ። "አብሽር" አሉ፤ አይዞህ ማለታቸው ነው። ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ማን ይበልጥ ደደብ እንደነበር ተከራከሩ። እኔ ደግሞ እፎይ ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ጣቢያው አጥር ጋ ሄድን። ስልኬን ወደ ዛጉት ሐዲዶች ስደግን፣ በካሜራው ውስጥ ፉርጎዎቹ እውነተኛው ሐዲድ ላይ ቆመው ታዩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስልኩን እየተነጣጠቁ የሦስተኛውን ፉርጎ ቀለም ሲያሳርሙኝ ዋሉ።

መልስ

ሁለት ቀን አድረን፣ አንድ ከረጢት ማንጎ ይዘን ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ አባቴ አንቀላፋ፤ እኔ ሥራዬን አሰብኩ። ማሽኑ የማያውቀውን አሳምሮ ስለሞላ አባቴ ውሸቱን በዓይኑ ያየው እውነት አድርጎ ወሰደው። ጋሽ አብዲ ባያርሙት ኖሮ እንደዚያው ይቀር ነበር። ከእንግዲህ በእኔ ሥራ ውስጥ ማሽኑ ያላወቀው ቦታ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ "እዚህ ምን ነበር?" ብሎም ይጠይቃል። የሚመልስ ሰው በሕይወት እያለ መገመት ድፍረት ነው።

ቤት ስንደርስ መሽቷል። የአብዲን ነገር ከሠርጓ ጀምሮ ስትሰማ የኖረችው እናቴ በር ከፈተችልን፤ ሻንጣውን እንኳ ሳትቀበለን "እሺ፣ እንዴት ሆነ?" አለች።

አባቴ ደፉ ላይ ቆሞ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

"መጥቶ ነበር" አላት።