እህቴ ስትነዳ የሚግለው ላፕቶፕ

ታላቅ እህቴ ከጅዳ በተመለሰችበት ክረምት ቡታጅራ ያለው ቤታችን ጭር አለ። ሰላምታ ትመልሳለች፣ ትሰግዳለች፣ ሳህን ታጥባለች፤ ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። እናቴ “ተያት፣ ደክሟታል” ትለኛለች። እኔ ወልቂጤ ኮምፒውተር የምማር ተማሪ ነበርኩ፤ ለእረፍት መጥቻለሁ። እህቴ በልብሷ ጠቅልላ ያመጣችልኝ ላፕቶፕ የአሠሪዎቿ ልጅ ሲሰለቸው የተወው ነው። ለጌም የተሠራ፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ከባድ ነገር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ “የመኪና እሽቅድምድም አለበት?” አለችኝ።

እዚያ እያለች ከልጁ ጋር ትጫወት ነበር። ከፈትኩላት። መኪናው ሲታጠፍ ትከሻዋ አብሮ ያጋድላል። የመጀመሪያውን ውድድር ስታሸንፍ ሳቀች። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየቻትና ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መንዳት ሆነ። እኔን ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። ከላፕቶፑ ጎን የሚወጣው አየር እጅ ያቃጥላል፤ ፋኑ ያጓራል። ዶርም አብራኝ የምታድር ልጅ ላፕቶፕ እንዲሁ ሲግል ከርሞ፣ አንድ ቀን ስክሪኑ በቀለም መስመሮች ተዥጎርጉሮ በዚያው ቀርቷል። ይኼም እንደዚያ ቢሆን እህቴ ያንን ሳቅ ከየት ታመጣዋለች? “በቃሽ፣ አቁሚ” ልላት እልና እተወዋለሁ።

ከኢንተርኔት ቤት የካርዱን ሙቀት የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቼ ስክሪኑ ጥግ ላይ አደረግኩት። እህቴ ትነዳለች፣ እኔ ቁጥሩን አያለሁ። ሰማንያ። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና አራት። ግቢ ወጥቼ ለክፍል ጓደኛዬ ደወልኩለት።

“ሲጫወቱበት ሰማንያ ቢገባ አያስደነግጥም” አለኝ። “ዘጠናን አልፎ አልወርድ ካለ ግን ተጠንቀቂ። ጌሙ ይንቀራፈፋል?”

“አዎ፣ እየተቆራረጠ ነው የሚሄደው።”

“በቃ፣ ካርዱ ራሱን ለማዳን ጉልበቱን እየቀነሰ ነው። ምን ላይ ነው ያስቀመጥሽው?”

ፍራሽ ላይ ነበር። ከታች ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ታፍነዋል። ወደ ጠረጴዛ አዛወርነው፤ ትንሽ በረድ ቢልም ተመልሶ ዘጠናን አለፈ።

በማግስቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እህቴ ስትነዳ ስክሪኑ ድንገት ጠቆረ። መብራት የጠፋ መስሎኝ ቀና ስል አምፖሉ በርቷል። እህቴ ግን ከወንበሯ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። እጆቿን ፊቷ ላይ ከልላ በዐረብኛ ትለማመጣለች። “ወላሂ” የሚለው ብቻ ገባኝ። ቀጥላ በቋንቋችን፣ “እኔ አይደለሁም፤ አልሰበርኩትም” አለች።

እጄን ሳስጠጋ ተሸማቀቀች። ከዚያ በፊት እንደዚያ የሚፈራ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የምትፈራው ደግሞ እኔን መሰለኝ።

“ግሎ ነው ራሱን ያጠፋው። የማንም ጥፋት አይደለም” አልኳት፤ ደጋግሜ። እናቴ መጥታ፣ ሳትነካት፣ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እህቴም ቀስ እያለች ወርዳ ተቀመጠች።

ስልክ ከሚጠግነው ጎረቤታችን ትንሽ ካቻቢቴ ተውሼ፣ የላፕቶፑን የታች ክዳን ፈታሁ። እህቴ ሳልጠራት መጥታ ብሎኖቹን በስኒ ትቀበለኝ ጀመር። የፋኑ መተንፈሻ ላይ አቧራ ተጋግሮ ቡቱቶ ጨርቅ መስሏል።

እህቴ ትንሽ አየችውና፣ “የዚያ ቤት አቧራ ነው” አለች።

በለስላሳ ብሩሽ ጠራርገን ገጠምነው። ማብሪያውን ተጫንኩት። ተነሣ። ወንበሩን ብለቅላት እህቴ አልተቀመጠችም።

“አንቺ ንጂ፤ እኔ ቁጥሩን ልይልሽ።”

ነዳሁ፤ መኪናውን ከግንብ ጋር እያላተምኩ። ሰባ አምስት አለችኝ። ሰባ ዘጠኝ አለችኝ። እዚያው ቆመ። ዐይኗን ከቁጥሩ ሳትነቅል፣ ስለዚያ ቤት እመቤት በለሆሳስ መናገር ጀመረች። ዞር ብዬ ባያት የምታቆም መሰለኝ። ስለዚህ ፊት ለፊት እያየሁ መንዳቴን ቀጠልኩ።