የአካኮ ግራ ታኬታ

ቆይ ቆይ... «ከእንግዲህ ፔናሊቲ የምመታው እኔ ነኝ» ብሎ የቡድኑ ግሩፕ ላይ መጻፍ ምን ማለት ነው ገመቹ? አንድ ቀን ሬዲዮ ተሰማ ብለህ? አንተ አጣመህ ከምታወራው እኔው ራሴ ልናገር። ደሞ ወሬ ላይ ከኔ በላይ ማን አለ።

የማያውቀኝ ካለ ይወቀኝ፣ በቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባጃጅ ነጂዎች ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ለባሹ እኔ ነኝ። ፔናሊቲ ሲገኝ ኳሷን ማንም አይነካትም። ለምን? ድሮ ነቀምቴ ጊምቢን ያሸነፈችበትን ጎል ያገባው አያቴ ነዋ። አካኮ ዋቅጅራ። በዘር ነው የመጣው፣ ልምምድ አይደለም።

ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ የድሮ ታኬታ ተሰቅሏል። አንድ እግር ብቻ። «ሌላኛውስ?» ሲሉት አካኮ «በደስታው ግርግር ጠፋ» ይላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀኝ ጭኑን መታ መታ እያደረገ «በዚች ነው የለጋሁት» ይላል። እኔም ከጎኑ ቆሜ ደረቴን እነፋለሁ።

የማያምኑት አንድ ሰው ብቻ ናቸው... የገመቹ አያት ኦቦ ቶሎሳ። «ጎሉን ያገባሁት እኔ ነኝ» ሲሉ ሻይ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ጮክ ብዬ የምስቀው ደሞ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዲጋ ከተማ ድረስ ሰው አድርሼ ስመለስ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። ያ የድሮ ፕሮግራም እየቆፈረ የከተማውን ትዝታ የሚያሰማው አለ አይደል... ጋዜጠኛው «ከዘፈን በኋላ ስለ ነቀምቴና ጊምቢ ጨዋታ ወጣቱ ዋቅጅራ ያኔ የተናገረውን ከድሮው የቴፕ ክር እናሰማችኋለን» አይል መሰላችሁ።

ከዛ በኋላ ባጃጇ መብረሯን ነው የማውቀው።

ሻይ ቤቱ ስደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው በሩ ጋ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይነታረካሉ። ባጃጄን በሩ ላይ ገተርኳትና ድምፁን እስከ መጨረሻ ለቀቅኩት። የኔን ስፒከር ደሞ ታውቁታላችሁ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ዛሬ አለቀልዎት። አካኮ ራሱ በሬዲዮ ሊናገር ነው።»

አካኮ ብድግ አለ። «እንሂድ ኢልማ ኮ፣ ልጄ... ጉልበቴን አመመኝ።»

ጨዋነት መሰለኝ እኮ። «ቁጭ በል፣ ዛሬ ያንተ ቀን ነው» ብዬ ትከሻውን ይዤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ዘፈኑ አለቀ። ክሩ ሽሽሽ አለ... ከዛ ድምፅ መጣ። እናንተዬ፣ ድምፁ የኔ ነው። ፍጥነቱ፣ ጉራው፣ ሁሉም። ሻይ ቤት ያለው ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። ሜዳው ላይ ከብት አባረው እንደተጫወቱ፣ የጊምቢ ሰው በጭነት መኪና ከነከበሮው እንደመጣ፣ ዝናቡ ኳሷን እንዳከበዳት... ትናንት የሆነ ያህል ያወራዋል። አስተናጋጇ ሻይ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ከዛ ያ ወጣት አካኮ እንዲህ አለ፦ «ታኬታ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ የምመታው በግራ ነው፣ ጓደኛዬ ቶሎሳ ደሞ በቀኝ። ስለዚህ ቀኙን ለሱ ሰጠሁት፣ ግራውን እኔ አደረግኩ። ጎሉን ያገባው ቶሎሳ ነው... በኔ ጫማ።»

ግድግዳችን ላይ ያለው ግራ ነው። ግራ! ከልጅነቴ ጀምሮ ከሱ ስር እየተኛሁ፣ «በቀኙ ለጋ» እየተባለ፣ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅኩም። ትምህርት ያቆምኩት ለካ በጊዜ ነው።

ሬዲዮውን ላጠፋ እጄን ስሰድ ኦቦ ቶሎሳ ከዘራቸውን እጄ ላይ ጫን አደረጉ።

«ተወው፣ ይጩህ። ዲጋም ይስማ።»

አለቀ። ይጨፍራሉ ብዬ ስጠብቅ ኦቦ ቶሎሳ ወደ አካኮ ዞሩ። አይናቸው እንባ ሞልቷል።

«በሬዲዮ እንዲህ ብለህልኝ ኖሯል ዋቅጅራ? ታዲያ ይሄ ሁሉ ልጅ ሲስቅብኝ እንዴት ዝም አልክ?»

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አካኮ አንገቱን የሚደፋ መስሎኝ ነበር... አካኮዬ ደፋ? ቀና አለ እንጂ።

«ጨዋታው እንዳለቀ ቀኝ ጫማዬን እንዳደረግክ ደምቢ ዶሎ ለንግድ ሄድክ። ስንት ክረምት አልፎ አንተ መጣህ፣ ጫማዬ አልመጣም። በአንድ እግር ጫማ ምን ልጫወት? ኳስ ያቆምኩት ባንተ ነው። ጫማዬን አምጣና ጎልህን ውሰድ።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው፣ ለአካኮ ብቻ እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ቤት አለች እኮ» አሉ። «ሳጥን ውስጥ ናት። ጎል ያገባሁባትን ጫማ እንዴት ልመልስ?»

አካኮ አያቸው። አያቸው... ከዛ ሻዩን ወደሳቸው ገፋ አደረገላቸው። ወዲያው ደሞ «ቀለም ትቀባታለህ ወይስ አሻግተሃታል?» ብሎ ንትርኩን እንደገና ጀመረው።

እንግዲህ ገመቹ፣ ጉዳዩ ይሄ ነው። እሁድ ጨዋታ አለን። ጎሉ ያያትህ ነው፣ አምኛለሁ፣ ማመን ደሞ ከኔ በላይ የሚችል የለም። ቀኟን ከሳጥን አውጥተህ አምጣ፣ ከግራዋ ጎን ልስቀላት፣ ፔናሊቲውን ውሰድ። ካላመጣህ ኳሷን እንዳትነካ። ታመጣለህ አታመጣም? ኦንላይን መሆንህን እያየሁ ነው፣ አሁኑኑ ጻፍ።