ፈታሿ አልጣሽ እና ከሐረር የመጣው ቅጠል

የኮሌጃችን በር ላይ የምትፈትሸው አልጣሽ እጅ ገብቶ ያመለጠ ነገር የለም። ይህን የምለው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያት ኖሬያለሁ። ዳቦ ሆድ ውስጥ የተወሸቀ ጫት አውጥታለች። መሐሉ በምላጭ ተቦርቡሮ ሲጋራ የታጨቀበት መዝገበ ቃላት ይዛለች። አንዴማ አንዱ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ «እግሬ ተሰበረ» ብሎ፣ እስከ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እያነከሰ መጣ። «እግዜር ይማርህ ልጄ» ብላ ደግፋ አስቀመጠችው። ፋሻውን ስትፈታው አንድ እስር ጫት ወጣ፤ ልጁም በደህነኛውም በተሰበረውም እግሩ ሮጦ ወደ መናኸሪያው ጠፋ። ያን ቀን እንደሳቅሁ በሕይወቴ ስቄ አላውቅም።

አልጣሽ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ወፈር ያለች፣ ሳቂታ፣ ድምጿ ከበሩ እስከ አስፋልቱ የሚሰማ ሴት ናት። ተወልዳ ያደገችው ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኮንጋ፣ አባቷ የቡና ማሳ ውስጥ ነው። አማርኛዋ ለወንድና ለሴት ብዙ አይጨነቅም፤ ሴቷን «አንተ» ብትል ማንም አይቀየማትም። የቡና ነገር ሲነሳ ግን ከእሷ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መገፋፋት ነው። አንድ ቀን ያፈላሁላትን ፉት ብላ ስኒውን መለሰችልኝና፣ «ሽመክት፣ ይሄን የሸጠልህ ሰው ቡናውን ሳይደርቅ ነው ያስቀመጠው» አለችኝ። ነጋዴውን ሄጄ ባፋጥጠው እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቡና ስገዛ መጀመሪያ ለእሷ አሳያለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ግንቦት የተማሪዎቹ የክርክር ክበብ አንድ ማስታወቂያ ሊያሳትም መጣ። ያመጣው የክበቡ ሊቀ መንበር ይዲድያ የሚባል፣ አፉ ከእግሩ የሚቀድም ልጅ ነው። ማስታወቂያው «ለመዝናኛ የሚጨስ ሐሺሽ በሕግ ይፈቀድ ወይስ እንደተከለከለ ይቆይ?» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት።

«አንተ ልጅ፣ ዲኑ ይሄን አይተውታል?» አልኩት።

«ጋሼ ሽመክት፣ ካናዳ ፈቅዳ ጨርሳለች፤ ጀርመንም ፈቅዳለች። እኛ ብናወራበት ምን እንሆናለን?»

ዲኑ አቶ ኃይለኢየሱስ አይተውት ኖሯል። ክርክሩን ፈቀዱ፣ ግን ፍተሻው ይጥበቅ አሉ። ስለ ሐሺሽ የሚወራበት ግቢ ሐሺሽ ቢገኝበት ከተማው ምን ይላል? ስለዚህ የቅጠሉ ፎቶ ለፈታሾች ይሰጥ ተባለና ለማተም ወደ እኔው መጣ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ የከለር ቀለሜ አልቆ ነበር። በጥቁርና ነጭ አተምኩት። የወጣው ምስል ቅጠል ይሁን የተቃጠለ ወረቀት እኔም አላውቅም። ከሥሩ «የደረቀ፣ የተፈረካከሰ፣ ሽታው ለየት ያለ» የሚል ተጽፎበታል። እንዲህ ከሆነማ የእናቴ ጓዳ ሙሉ በሙሉ ሐሺሽ ነው። ይህን ያኔ ብናገር ጥሩ ነበር፤ ዋጋዬን ተቀብዬ ዝም አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ናፍቆት የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከመናኸሪያ ጥቅል ተቀብላ መጣች። ከሐረር የመጣች ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ፎቶ ኮፒ ስታስነሳ እንኳ ድምጿ አይሰማም። አልጣሽ ጥቅሉን ፈታችው። በላስቲክ ውስጥ ጋዜጣ፣ በጋዜጣው ውስጥ ቡናማ፣ የደረቀ፣ የተፈረካከሰ ቅጠል። አልጣሽ አሸተተችው። ሽታው ለየት ያለ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው? ንገረኝ።»

«ቁጢ ነው እትዬ። አክስቴ ልካልኝ ነው። የቡና ቅጠል ነው፤ አፍልተን እንጠጣዋለን።»

አልጣሽ በሳቅ ፈነዳች። «እኔ ኮንጋ ተወልጄ፣ ቡና ሥር አድጌ፣ ቅጠል ይጠጣል ብለህ ለእኔ ትነግረኛለህ? ቅጠሉን ፍየል ነው የሚበላው!» በሩ ላይ የነበረ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም። በቡና አገር ለምንኖር ሰዎች የቡና ቅጠል የሚጠጣ ሰው መኖሩ ከሐሺሹ ይልቅ የማይታመን ነገር ነበር።

ናፍቆት አልሳቀችም። «ውሃ አፍዪና ላሳይሽ እትዬ፤ አብረን እንቅመሰው» ብላ ለመነቻት። አልጣሽ ግን ጥቅሉን ፖስታ ውስጥ አሽጋ፣ ፈርማ፣ ለዲኑ ቢሮ አስረከበች። ከሰዓት በፊት ወሬው ግቢውን ሞላ። ዲኑ ፖስታውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበትና፣ ፖሊስ ከመጠራቱ በፊት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሐሙስ ይየው አሉ። ልጅቷ ከተፈረደባት ቢያንስ አንድ ዓመት ትባረራለች። አባት የላትም፤ የምታስተምራት አክስቷ ናት። የአቤቱታ ደብዳቤዋን እኔ ጋ ስታስተይብ እንባዋ ጠረጴዛዬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከኮሚቴው አንድ ቀን ቀድሞ፣ ረቡዕ፣ ክርክሩ አለ። «ይከልከል» የሚለው ወገን ደግሞ አልጣሽን የክብር ምስክር አድርጎ ጠርቷታል።

ሰኞ ማታ አልጣሽ ስትወጣ እንደ ልማዷ እኔ ጋ አረፍ አለች። ሳቋ አልነበረም።

«ሽመክት፣ አንድ ነገር ሆዴን በላው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስንቱን ያዝኩ። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ጉቦ ያወጣል። ‹አፍልተን እንቅመሰው› ያለኝ ግን ማንም የለም። ሌባ የሰረቀውን አብረን እንብላ ይላል?»

«ተይው፣ ኮሚቴው ያጣራል» አልኳት። «ውልሽ ደግሞ ሰኔ ላይ ይታደሳል፤ ተሳስቻለሁ ብለሽ ራስሽን አታጋልጪ።»

«ኮሚቴው ማንን ይጠይቃል? እኔን አይደለም?» አለችና ተነስታ ሄደች።

ማክሰኞ በሩ ላይ አልነበረችም። አስፈቅዳ በሚኒባስ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በሞተር ኮንጋ ወርዳለች። የአባቷን ቡና የሚይዘው ታናሽ ወንድሟ ዳምጠው ነው። ቅጠል ስትሸመጥጥ ሲያያት ፍየል የገዛች መስሎት ተደሰተ። ምጣድ ጥዳ ቅጠሉን መቁላት ስትጀምር ግን ሚስቱን ጠርቶ፣ «እህቴ ከተማ ኖሮ ኖሮ አበደ» አለ። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፣ እየተንከተከተች። የተቆላውን በመዳፏ ስትፈረካክሰው ሰኞ ያሸተተችው ሽታ አፍንጫዋ ላይ መጣ። አፈላችው። ዳምጠው መጀመሪያ አልቀምስም አለ፤ ከዚያ ቀመሰ፤ ከዚያ ድገሚኝ አለ። እሷ ግን ስኒዋን እንደያዘች አለቀሰች።

ረቡዕ ከሰዓት አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያይ ሁሉ ነበር። እኔም ሱቄን ዘግቼ ገባሁ። ይዲድያ ጀመረ። «ጫት በየመንገዱ ይሸጣል፣ አረቄ በየጓዳው ይወጣል፤ ቁጣችን ለሐሺሽ ብቻ ነው እንዴ? የተከለከለ ነገር አይጠፋም፣ ይደበቃል እንጂ። ይፈቀድ፣ ዕድሜ ይወሰንለት፣ ግብር ይክፈል!» ተማሪው አጨበጨበ። የሕግ መምህሩ ተክለብርሃን ተነሱ። «በጫቱና በአረቄው ያለቀውን ወጣት ማን አነሳው? የጎረቤት ቤት ተቃጠለ ተብሎ በራስ ቤት ክብሪት አይጫርም! አእምሮው ለሚታመም ልጅ ሐኪሙ የት አለ?» አሁንም ተጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር ለሁለቱም አጨብጭቤያለሁ። «ደግሞም» አሉ መምህሩ፣ «ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሰኞ በራችን ላይ ተይዟል። የያዘችው ጀግና እዚህ አለች!»

ናፍቆት ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። አንገቷን ደፋች።

አልጣሽ ተነሳች። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፤ በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው የስኒ ትሪ። አዳራሹ ሳቀ። ቀጥ ብላ ወደ መድረኩ ወጣችና፣ «መጀመሪያ ጉሮሯችሁን አርጥቡ፤ ብዙ ጮኻችኋል» ብላ ለዲኑ፣ ለመምህሩና ለይዲድያ ቀዳችላቸው። ጠጡ። መምህር ተክለብርሃን ስኒያቸውን ጨርሰው እንደገና ዘረጉ።

«ጥሩ ሻይ ነው። ምን ገብቶበታል?»

«ሰኞ የያዝኩት ሐሺሽ ነው» አለች።

መምህሩ የዘረጉት ስኒ አየር ላይ ቀረ። ዲኑ ትን አላቸው። ይዲድያ ብቻ ስኒውን ገልብጦ አየና «ምንም አልተሰማኝም እኮ!» አለ። አዳራሹ በአንድ እግሩ ቆመ።

«አትፍሩ፣ ተቀመጡ» አለች አልጣሽ። «የቡና ቅጠል ነው። ከአባቴ ቡና ትናንት ቆርጬ፣ ቆልቼ፣ አፍልቼ ያመጣሁት ነው። ያቺ ልጅ ሰኞ ነገረኝ። ‹የቡና ቅጠል ነው› አለኝ። እኔ ሳቅሁበት። ቡና አውቃለሁ ብዬ። ፍሬዋን ነው የማውቀው፣ ቅጠሏን አላውቅም ነበር። ልጅቷ አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አላመናችሁኝም? መሳቢያው ውስጥ ያለውን አምጡና ከዚህ ጋር አሽትቱ።»

እኔን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከኋላ ብድግ ብዬ «ፎቶውም ጥቁርና ነጭ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ዲኑ ቁልፋቸውን ሰጥተው ፖስታውን አስመጡ። በሕዝብ ፊት ቀደዱት፤ አሸተቱ፤ ስኒውን አሸተቱ፤ ደግመው ፖስታውን አሸተቱ። ለመምህሩ ሰጧቸው፤ እሳቸውም አሸተቱ። ከዚያ አቶ ኃይለኢየሱስ፣ በዓመት አንዴ የሚስቁት ሰውዬ፣ ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ። «ነገ ኮሚቴ የለም» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ውጭ አገር የሚፈቅደውን ቅጠል ስናውቅ ደጃችን ያለውን አናውቅም ማለት ነው? እትዬ አልጣሽ፣ ይድገሙኝ።» እንዲህ ያለ ጭብጨባ በዚያ አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም።

ይዲድያ ግን ክርክሩ አልለቀቀውም። «ታዲያ እትዬ፣ ይፈቀድ ነው የሚሉት ወይስ ይከልከል?»

«ሕግ የማወጣው እኔ አይደለሁም ልጄ። ሕጉ ከልክሏል፤ ሐሺሽ ከያዝክ ነገም እይዝሃለሁ። ግን አስቀድሜ እጠይቅሃለሁ፣ ስትነግረኝም እሰማለሁ» አለችው። ድምፅ ይሰጥ ያለ ነበር፤ ሁሉም ስኒ ሲሻማ ሳይሰጥ ቀረ።

አልጣሽ የቀረችውን አንድ ስኒ ቀድታ በወንበሮቹ መሐል ወደ ኋላ ሄደች። ናፍቆት ፊት ስትደርስ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ «ይቅር በለኝ ልጄ» ብላ ወደ እግሯ ዝቅ አለች። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ልጅቷ «ኧረ በፈጣሪ!» ብላ ዘላ አነሳቻትና ተቃቀፉ፤ ግማሹ ቁጢ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። የኔም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ አላፈርኩበትም።

ናፍቆት የቀረውን ፉት አለች። ልጅቷ ፊቷን ትንሽ ጨመደድ አደረገች፤ መናገር ፈርታ አየኋት።

«ምነው፣ ንገረኝ» አለች አልጣሽ።

«ትንሽ አርሯል እትዬ» አለች ናፍቆት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ። «ደግሞ ጨው የለውም።»

ሰው ሁሉ አልጣሽን አየ። ስለ ቡና ተሳስተሻል ያላት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እሷ ግን ከኋላ ካለው ወንበር አንዱን ስባ፣ ልጅቷ አጠገብ ቁጭ አለችና፣ «እሺ አስተማሪዬ» አለች፣ «ጨው ምን ያህል ነው?»