አርባ አንዱ ስግደቴ

የምኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኔ በታች ባለው ቤት ትንሽ ልጅ ያላት ወጣት እናት ትኖራለች፤ ጴንጤ ናት። በዐቢይ ጾም፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አርባ አንድ ስግደቴን ስጀምር እሷም «ጌታ ሆይ!» ብላ ትጀምራለች። ጎንበስ ስል ትጮኻለች፤ ቀና ስል ትዘምራለች። አንድ ወር ሙሉ ታገስኳት። ታገስኳት ስል ደረጃ ላይ ሰላምታዋን እየዘለልኩ፣ ማታ ማታ ለባለቤቴ እያማኋት ማለቴ ነው።

ሆሳዕና ሲቃረብ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወደሚኖሩት የንስሐ አባቴ ሄጄ ስሞታዬን ዘረገፍኩት።

«ስንት ትሰግዳለህ?» አሉኝ።

«አርባ አንድ፣ አባ። አንድም አላጎድል።»

«እግዚአብሔር አንተን ስንት ዓመት ታገሰህ?»

ዕድሜዬን ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ሂድና ከልጅቷ ጋር ታረቅ። ሳትታረቅ ለፋሲካ አትቆርብም።»

ደነገጥኩ። እኔና ባለቤቴ በቁርባን ከተጋባን ጀምሮ በፋሲካ ተለያይተን ቆርበን አናውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ስትሄድ ታየችኝ።

ታክሲ ውስጥ ንግግሬን አዘጋጀሁ፤ «ልጄ፣ ጩኸትሽን ስለ ክርስቶስ ፍቅር ይቅር ብዬሻለሁ።» ጮክ ብዬ ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ፈቀቅ አለች።

በሯን ሳንኳኳ ልጇን ታቅፋ ከፈተችልኝ።

«ውይ ጋሼ፣ እንኳን መጡ! ጉልበትዎን ተሻለዎት?»

«ጉልበቴን ማን ነገረሽ?»

«ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ላይ አቆሙ እኮ። ሦስት ሲጎድል አሞዎት ይሆናል ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ።»

እውነትም ሦስቱን በልቻቸዋለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ ዋሽቻለሁ።

ቀና ብዬ ኮርኒሷን አየሁ። አምፖሏ በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥላለች። ዘጠና ኪሎ ሰው አርባ አንድ ጊዜ ሲወድቅባት ምን እንደምትሆን ያኔ ገባኝ።

«ትሰሚኛለሽ ማለት ነው?»

«ሕፃኑ በመጀመሪያው ዱብታ ይነሳል። እኔም ከነቃሁ አይቀር ብዬ መጸለይ ጀመርኩ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም ነበር?»

«እንዴ ጋሼ! የሚጸልይ ሰው ዝም በል ይባላል?»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ታክሲ ውስጥ የተለማመድኩትን ሁሉ ተውኩት። አፍሬ «ይቅር በይኝ ልጄ» ብቻ አልኳት። ስሰግድ ወለሌ ላይ ፍራሽ አነጥፋለሁ ስላት ሳቀች።

«ኧረ ይተዉ! ሲያጎድሉ በምን አውቃለሁ?»

በማግስቱ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ጉልበቴ እንደገና ያዘኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ከታች ኮርኒሱ በመጥረጊያ እጀታ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። «ይጨርሱ» ማለቷ ይሁን «ልሙላልዎት» እስካሁን አልጠየቅኳትም። ወዲያው ለንስሐ አባቴ ደወልኩና ሠላሳ ስምንቱ የእኔ፣ ሦስቱ የእሷ ናቸው ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው።

«እንግዲህ ቁረብ» አሉኝ።