የማላውቀው አዳራሽ፦ ለግብር ቅሬታ ከቢቸና ሞጣ

ከቢቸና የተነሣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው፤ ኅዳር ገና መግባቱ ነበር። የሄድኩበት ጉዳይ እንዲህ ነው። አባቴ አቶ አለነ ግንበኛ ነበር። ሞጣ ላይ ድንጋዩን ራሱ ጠርቦ፣ ራሱ ደርድሮ የሠራው ባለ ሦስት ሱቅ ቤት አለን። ባለፈው ሰኔ መባቻ ታሞ እኔ ዘንድ እንዳለ አረፈና እዚሁ ቢቸና ቀበርነው፤ ቤቱም ወደ እኔ ዞረ። በጥቅምት አንድ ወረቀት ከሞጣ ተላከልኝ። የንግድ ቤቶች ለግብር እንደ አዲስ ተገምተዋል ይላል። የእኛ ቤት ግምት ከጎረቤቶቹ እጥፍ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ምን ቢሆን ነው ብዬ ዝርዝሩን ባይ፣ ከሱቆቹ ሥር «አዳራሽ፣ ባለ ሁለት ክፍል» የሚል መስመር አገኘሁ።

እኔ የማውቀው ቤት አዳራሽ የለውም። ተወልጄ ያደግኩበት ግቢ ነው፤ ከሱቆቹ ጀርባ ያለው ባዶ መሬትና አንድ የጌሾ ተክል ነው።

ወረቀቱ «ቅሬታ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ያቅርብ» ይላል። ዞሮ ዞሮ እጄ ሲገባ የቀረኝ አምስት ቀን ነበር። ግምቱ በዚሁ ከጸና የዓመቱ ግብር የአምስት ወር ኪራይ ይበላል፤ ያን ችዬ ልቀጥል አልችልም፣ ያለኝ ምርጫ ቤቱን መሸጥ ነው። የሚያሳፍረውን ደግሞ ልናዘዝ፦ መተዳደሪያዬ የሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ቢቸና ላይ ፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሕፈት የምሠራባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ የሰው ቅሬታ ስተይብ አሥራ ሁለት ዓመቴ። የራሴ ሲመጣ ግን «ጉዳዩ፦» ብዬ ጽፌ ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያ አላለፍኩም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ቢቸና መናኸሪያ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ማታውኑ ደውዬ አረጋግጫለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሳይጠይቁ መውጣት የለም። ቅጥቅጡ ሞልቶ እስኪነሣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሂሳቡ ሦስት መቶ ብር፣ ለቦርሳዬ ሌላ ሠላሳ። ካርታውን፣ የኪራይ ውሉንና ያን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌአለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጉንደ ወይን የምትሠራ ነርስ ናት። ጨዋታ ወዳድ ነች፤ ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ጉዳዬን ሁሉ አወጣጣችኝ።

«ተከራይሽ ሠርቶት ይሆናላ» አለችኝ እንደ ዋዛ።

«ጋሼ ይማም? ኧረ እሳቸው ይኼን አያደርጉም። ሃያ ዓመት ሙሉ አብረውን የኖሩ ሰው ናቸው።»

«አባትሽ ከሞቱ ወዲህ ሄደሽ አይተሻል?»

አላየሁም። አንድም ቀን አልሄድኩም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጤፉ ደርሶ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ በግራ በኩል ጮቄ ራሱን በደመና ሸፍኗል። ደብረ ወርቅ ላይ ለቁርስ ቆምን። እንቁላል ፍርፍር በሁለት ዳቦ አዘዝኩ፤ መቶ ሃያ ብር ከፍዬ ግማሹን ተውኩት። ያቺ ነርስ ነገሩን እንደ ዋዛ ነው የጣለችው፤ እኔ ግን ይዤው ቀረሁ። ወረቀት ላይ የተጻፈ አዳራሽ ከየትም አይመጣም፤ አንድ ሰው ሠርቶታል ማለት ነው።

ከደብረ ወርቅ ወዲያ መንገዱ ያነጥራል። ጉንደ ወይን ላይ ነርሷ «በርቺ፣ ውል ካለሽ አትፍሪ» ብላኝ ወረደች። እስከ ሞጣ ድረስ ለጋሼ ይማም የምናገረውን ስደረድር ቆየሁ። ሞጣ ስገባ ልቤ በሰውየው ላይ ቆርጦ ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሞጣ

ጋሼ ይማም ጨርቅ ነጋዴም ልብስ ሰፊም ናቸው። እንደ ሁልጊዜው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አንጠልጥለው መኪናቸው ላይ አቀርቅረዋል። ሲያዩኝ ተነሥተው ሳሙኝ፣ የአባዬን ነገር አንሥተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ግን ሰላምታዬን አሳጥሬ በጎን በኩል ወደ ግቢው ዞርኩ።

ምንም የለም። ባዶ መሬት፣ የጌሾ ተክሉ፣ በቃ። አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ያዘው፤ መሬቱ ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ፣ ድንጋይና አፈር የተጠቀጠቀባቸው ጉድጓዶች። ቋሚ የነበረባቸው ይመስላሉ። ሰውየው ሠርተው፣ እኔ ስመጣ አፍርሰውታል አልኩ በልቤ።

«ጋሼ ይማም፣ አዳራሹ የት ሄደ?»

«የምን አዳራሽ?»

ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አንዴ አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት። «ወይ ጉድ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱንም ቆጥረውት ኖሯል?»

«እሱን ማለት ምኑን?»

«ግድ የለም ልጄ፣ መንገድ ደክሞሻል። መጀመሪያ እህል ቅመሺ።»

ባለቤታቸው ሽሮና የሞጣ ማር አቀረቡልኝ። ማሩ ግሩም ነበር፤ እኔ ግን አላጣጣምኩትም። ስለ አዳራሹ በጠየቅሁ ቁጥር ባልና ሚስቱ ይተያዩና «ብዪ እንጂ» ይሉኛል። ነገሩ ግራ ገባኝ። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ በልቶ አብልቶ አያውቅም፤ ንጹሕ ሰው ደግሞ መልስ ይሰጣል።

ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ቢሮው

የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹም ትሑት ናቸው። የመጀመሪያው መስኮት «ይኼ የመሬት ጉዳይ ነው» አለኝ። የመሬቱ ደግሞ «ግምት እኛን አይመለከትም፣ ተመለሽ» አለኝ። ተመልሼ ስሄድ የመጀመሪያው ሰውዬ ወጥቷል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ልጽፈው ያቃተኝን ማመልከቻ በብዕር ጨረስኩት፦ «ግምቱ እጅግ ስለበዛብኝ እንዲቀነስልኝ።» በመጨረሻ ከደብረ ማርቆስ በቅርቡ ተዛውሮ የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ አስገባኝና ይህችኑ ማመልከቻ አነበበ።

«ይኼ አይሠራም፣ እናቴ» አለ። «በዛብኝ የሚል ማመልከቻ በሁለት ቀን መቶ ተቀብያለሁ። የበዛው በየትኛው መስመር ነው? ልኬቱ ተሳስቷል? ቤቱ የሚሰጠው አገልግሎት ተሳስቷል? ወይስ የሌለ ነገር ተመዝግቧል?»

«የሌለ ነገር።»

«እንግዲያው መጀመሪያ የልኬት ቅጹን ኮፒ ይጠይቁ። መብትዎ ነው። ሰው ሁሉ ውጤቱን ይዞ ይመጣል እንጂ የተለካበትን ወረቀት አይጠይቅም።»

አሥራ ሁለት ዓመት ቅሬታ ስጽፍ ይኼን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ቅጹ ወጣ። አዳራሽ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ባለ ሁለት ክፍል፣ ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ወርዱ ይህን ያህል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ተለክቷል። ከታች «የተገኘው የቤቱ ተወካይ» ከሚለው ፊት ለፊት የጋሼ ይማም ፊርማ አለ።

«አሁንስ የሌለ መሆኑን በምን ማስረጃ ላሳይ?» አልኩት።

«የሌለን ነገር ማሳየት ይከብዳል። ያን ቀን በቦታው የነበረው ምን እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ይፈልጉ። ሲያመጡ ደግሞ መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥር ሳይወስዱ እንዳይሄዱ።»

አሥር ሰዓት፣ እዚያው ግቢ

የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ ብጽፈው ያሳፍረኛል። «የአባቴን ቤት በፊርማዎ ሸጡት» እስከማለት ደርሻለሁ። ጋሼ ይማም አልተቆጡም። ወደ ውጭ ወጥተው መሪጌታ ልሳነወርቅን ይዘው መጡ። መሪጌታ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው፤ አባዬ በሕይወት ሳለ አብሯቸው ይውል ነበር።

«ሐምሌ ላይ ደውዬልሽ ነበር» አሉኝ መሪጌታ። «ታስታውሺያለሽ?»

አስታወስኩ። ቢቸና ላይ የአባዬን አርባ ካወጣን ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። የሞጣ ሰፈር ለአለነ ዳስ ሊጥል ነው፣ ነይ ብለውኝ ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ወጪውም አስፈርቶኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። «መሪጌታ፣ እኛ እዚህ አውጥተናል፤ አትድከሙ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የተውት መስሎኝ ነበር።

«አልተውነውም» አሉ። «አለነ የዚህን ሰፈር ቤት ሁሉ ያቆመ ሰው ነው። ለእሱ የሚያፈስ ዳስ ጥለን እንታማ? ክረምት ስለነበረ ላዩንም ጎኑንም በቆርቆሮ ግጥም አደረግነው። እንዲያ ያለ ዳስ በሕይወቴ አላየሁም።»

«ሁለቱ ክፍልስ?»

«ሸራ ነዋ» አሉ ጋሼ ይማም። «መሀሉን ጋረድነው፤ ወዲህ የክርስቲያኑ ማዕድ፣ ወዲያ የሙስሊሙ። አባትሽን የማይወድ ማን ነበረ?»

ገማቾቹ የመጡት በዚያው ቀን ነው፣ በዝናብ። ከውጭ በኩል ዙሪያውን ለክተው ሲያበቁ ጋሼ ይማም ገብታችሁ ብሉ አሏቸው። በልተው ሲወጡ ፈርሙልን አሉ። «ሱቁን የለኩ መስሎኝ ነው» አሉኝ። «ደግሞ እንግዳ ተዝካር በልቶ ሲወጣ የያዝከውን ወረቀት አሳየኝ ይባላል?»

«ታዲያ ዛሬ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?»

በእሳቸው ፈንታ መሪጌታ መለሱልኝ፦ «አትድከሙ ብለሽን ነበራ። ሳትፈቅጂ አደረግነው ብለን እንዴት እንንገርሽ? ደግሞስ የቀረሽውን ልጅ ቀረሽ ብለን እናሳቅቅሽ?»

የምገባበት ጠፋኝ። ከጠዋት ጀምሮ በልቤ የሰደብኳቸው ሰው ፊቴ ቆመው እንባዬን እንድጠርግበት መሐረባቸውን ያቀብሉኛል።

ረቡዕ ጠዋት፣ መዝገቡ

መሪጌታ ማስረጃውን አገኙት። ዕድሩ ዕቃ ሲያወጣና ሲያስገባ የሚጽፍበት አንድ ትልቅ መዝገብ አለው። ገጹን ገልጠው ሰጡኝ፦ «ለአቶ አለነ ተዝካር፣ ቆርቆሮ ሃምሳ፣ ቋሚ አሥራ ስድስት፣ ሸራ አንድ።» በሦስተኛው ቀን «ተሟልቶ ተመልሷል» ይላል። የተዝካሩ ቀን ከልኬት ቅጹ ቀን ጋር አንድ ነው። ደስ ብሎኝ ቀና ልል ስል ቀጥሎ ያለውን መስመር አየሁ፦ «ተዝካር አውጪ፦ ልጃቸው ወይዘሮ ታንጉት አለነ። ስለ እርሷ የፈረመ፦ ይማም።»

ስሜ ነው። ያልመጣሁበትን፣ አትድከሙ ያልኩትን ዳስ በእኔ ስም ጥለውታል። ሰው መዝገቡን ቢያይ የአለነ ልጅ ቀረች እንዳይል።

ያን ገጽ ኮፒ አድርጌ ካርታውንና የኪራይ ውሉን አያይዤ ማመልከቻዬን በአዲስ መልክ ጻፍኩ። ይህን ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ነው የተቃወምኩት። ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረውኝ ቢሮ ገቡ። ወጣቱ ባለሙያ አንብቦ ቀና አለ።

«ዳሱን የጣሉት እርስዎ ነዎት?»

ምን ልበል? አዎ ብል ውሸት ነው። አይደለሁም ብል መዝገቡ ሐሰት ሊመስል ነው፣ ቤቱም ሊሄድ ነው። ሽማግሌዎቹን አየኋቸው፤ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«እኔ አልነበርኩም» አልኩ። «እነሱ ናቸው የጣሉልኝ። ስሜን የጻፉት እንዳላፍር ነው።»

ባለሙያው ብዕሩን አነሣ። «ለእኔ የሚያስፈልገኝ ቆርቆሮው የዕድር መሆኑ ነው» አለና መዝገብ ቁጥር ሰጠኝ።

ሐሙስ ሁለት ሰዎች እንደገና ሊለኩ መጡ። ባዶውን ግቢ ዞሩት፣ ጉድጓዶቹን ቆጠሩ፤ አሥራ ስድስት። ጋሼ ይማም ሻይ እንኳ እንዳያቀርቡ መሪጌታ ክንዳቸውን ይዘው ነበር። እንግዶቹ እስኪሄዱ ሲቁነጠነጡ አየኋቸው።

ቢቸና

ዓርብ ተመለስኩ። ውሳኔው በሁለት ሳምንቱ ደረሰ፤ ጋሼ ይማም ፎቶ አንሥተው በስልክ ላኩልኝ። «አዳራሽ» ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ተብሎ ተጽፏል፣ ማኅተም አርፎበታል። ግምቱ ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ሆነ፣ ቤቱም ቀረልን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ብሎኛልም። ግን ያን «የለም» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ሳየው የማልቀስ ነገር ይመጣብኛል። ሰፈር ሁሉ ለአባቴ ያቆመውን ነገር አልነበረም ለማስባል ነው አራት ቀን የተንከራተትኩት። እስካሁንም ስሜቱ አልጠራልኝም።

የግብሩን ነገር ግን ተምሬያለሁ። አሁን ሱቄ መጥቶ «ግብር በዛብኝ ብለሽ ጻፊልኝ» የሚለኝን ነጋዴ ሁሉ «የትኛው መስመር ነው የበዛብህ? የልኬት ቅጹን አምጣ» እለዋለሁ። የሚቆጣኝ አለ።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ይማም ጋ ደወልኩ። በሰኔ የአባዬ ሙት ዓመት ነው፣ ሞጣ ላይ ነው የማወጣው፣ ዳሱን ራሴ ነኝ የምጥለው አልኳቸው። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲያው ቀኑን አስቀድመሽ ለግብር ሰዎቹ ንገሪያቸው» አሉኝ።

ቀልዳቸውን ነው። እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ መጀመሪያ የተየብኩት ወረቀት እሱ ነው፦ «ጉዳዩ፦ በግቢያችን ለሦስት ቀን ብቻ የሚቆም ዳስ ስለማሳወቅ።» ከሥሩ ስሜን ጻፍኩና ራሴ ፈረምኩበት።