ትራክተር እግሩ አይበርደውም

አቶ ፓልመር ሩድስታድ ቃላቸውን የማይረሱ ሰው ናቸው። ሌላው ስቆ የሚያልፈውን፣ ሳያስቡት ከአፋቸው ያመለጠውን ነገር ሳይቀር ለዓመታት በልባቸው ይዘው ይኖራሉ። እግዚአብሔር ለአንዳንዱ ሰው ረጅም አንደበት ይሰጠዋል፤ ለእሳቸው የሰጣቸው ጥቂት ቃልና የማይዘነጋ ልብ ነው።

ከማይረሷቸው ቃላት አንዱን የተናገሩት ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር። ያን ጊዜ በሰሜን ዊስኮንሲን እርሻቸው ላይ ትራክተራቸው የሚያድርበትን ባለ ምሰሶ ቤት ይሠሩ ነበር። ምሰሶዎቹ መሬት ውስጥ ተተክለው፣ በግርጌያቸው ወፍራም ሳንቃ ዞሮባቸው፣ ጎኑም ጣራውም ቆርቆሮ ለብሶ፣ የቀረው ወለሉ ብቻ ሆነ። በወለሉ ውስጥ ከምድጃ የሚመጣ ፍል ውሃ የሚዞርበት ቱቦ ዘረጉ። ኮንክሪቱን የሚያፈሱት ጎረቤታቸው አቶ ዴልማር ክቫሜ ግን ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፣ "ጠርዙስ? ዙሪያውን ፎም ካላለበስከው ሙቀቱ በጎን ሾልኮ ይወጣል" አሏቸው።

አቶ ፓልመር፣ "ተወው ባክህ፤ ትራክተር እግሩ አይበርደውም" ብለው መለሱ። ሁለቱም ሳቁ፤ ኮንክሪቱም ደረቀ።

ትራክተሩ ከተሸጠ ቆይቷል። በቦታው የገባው የባለቤታቸው የወይዘሮ አርዲስ የስፌት መወጠሪያ ነው። ወይዘሮ አርዲስ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ጋር በየሐሙሱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሰፋሉ፤ የሚሰፋውም ባሕር ተሻግሮ፣ ቤቱ ለፈረሰበት፣ ስሙን ለማያውቁት ሰው ይላካል። መወጠሪያው ሰፊ ስለሆነ የሚሰፉት ቆመው ነው። ዐይናቸውም ስለ ደከመ፣ ለብርሃኑ ሲሉ በደቡብ በኩል ካለው መስኮት ሥር፣ ከግድግዳው አስጠግተውታል።

ችግሩ የመጣው ከዚያው ከግድግዳው ሥር ነው። የስኳር ሕመም የወይዘሮ አርዲስን እግር ካደነዘዘው ስድስት ዓመት ሆኖታል። የወለሉ መካከል ይሞቃል፤ ጠርዙ ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ እሳቸውም አይታወቃቸውም። ባለፈው የካቲት ተረከዛቸው ቆሰለ። ሐኪሟ ቁስሉን አጥባ ጠቅልላ፣ ቆመው ስለሚሰፉበት ወለልም ከጠየቀች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው፦ "ወይዘሮ ሩድስታድ፣ ይህን ያመጣው ብርዱ ነው። በረዶው ተመልሶ ሲመጣ ያ ወለል እንደዚህ ከሆነ እዚያ መቆምዎ ይቀራል። አለዚያ እግርዎን ሊያጡ ይችላሉ።"

ወደ ቤት ሲመለሱ አቶ ፓልመር መኪናውን እየነዱ የመወጠሪያውን ነገር አነሡ።

"ወደ መካከል ብትስቢውስ?" አሉ አቶ ፓልመር።

"መካከል ላይ መርፌው አይታየኝም። ጣቴን ከጨርቁ ጋር ልስፋው?"

"እንግዲያ ትንሽ ተይው።"

"ትቼው ምን ልሠራ? ቁጭ ብዬ አንተን ልይ?"

"ሃምሳ ዓመት አይተሽ አልጠገብሽም?"

"ጠግቤ እንጂ!"

ወይዘሮ አርዲስ ሳቁ። አቶ ፓልመርም ሳቁ፤ በልባቸው ግን የሚሰሙት ያንን የራሳቸውን የድሮ ሳቅ ነበር።

ሣሩ ታጭዶ ከገባ በኋላ፣ በመስከረም፣ በሰባ አራት ዓመታቸው አካፋና ዶማ ይዘው የቤቱን ግርጌ ይቆፍሩ ጀመር። መሬቱ ሳይቀዘቅዝ አራቱንም ጎን መጨረስ ነበረባቸው። በሦስተኛው ቀን አቶ ዴልማር መኪናቸውን አቁመው ወረዱና ጉድጓዱን ቁልቁል አዩ።

"ምነው፣ ትራክተሩ በረደው እንዴ?"

አቶ ፓልመር ቀና ሳይሉ፣ "አዎ፣ በረደው" አሉ።

አቶ ዴልማር በመስኮቱ ውስጥ የቆመውን መወጠሪያ አዩ፤ ፈገግታቸው ጠፋ። ጃኬታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉና ሌላውን አካፋ አነሡ።

"ስማ፣ ጎኑን ሁሉ ባንድ ጊዜ እንዳታራቁተው፤ ምሰሶው ይላላና ቤቱ ላይህ ላይ ይተኛል። ካንዱ ምሰሶ እስከ ሌላው ቆፍር፣ ፎሙን አስገባ፣ መልሰህ ድፈነው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ።"

"ይህን ምክር ይዘህ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የት ነበርክ?"

"እዚሁ ነበርኩ። ምክሬን ብነግርህ ሳቅህብኝ እንጂ!"

እንደተባለውም አደረጉ። ሦስት ጣት ውፍረት ያለውን ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ከሳንቃው ላይ አጥብቀው፣ ጥልቀቱ እስከ ጭን የሚደርስ ጉድጓድ ውስጥ ሰደዱት። ብርዱ ከሥር ዞሮ እንዳይገባ ሌላ ፎም በጉድጓዱ ወለል ላይ ወደ ውጭ ዘንበል አድርገው አጋደሙ። መጋጠሚያውን በሚነፋ ማጣበቂያ ሞሉ። ከአፈር በላይ የቀረውን ደግሞ አይጥ እንዳይበላው ቆርቆሮ አለበሱት። አቶ ፓልመር ማታ ማታ ከወንበር የሚነሡት ጠረጴዛውን ተደግፈው ነበር። ወይዘሮ አርዲስ ጀርባቸውን በቅባት እያሹ፣ "ለአንድ ተረከዝ ይህን ያህል ጉድጓድ!" ይሏቸው ነበር።

የመጨረሻው ጎን የተደፈነው በጥቅምት ማለቂያ፣ መሬቱ ሊደነድን ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አቶ ዴልማር ዙሪያውን ዞረው አዩና፣ "ክፉ አይደለም" አሉ። አቶ ፓልመር ከጎረቤታቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሰምተው አያውቁም።

ወይዘሮ አርዲስ ገብተው ከመወጠሪያው ፊት ቆሙና፣ "ሞቀኝ" አሉ።

"ምድጃው እኮ ገና አልተለኮሰም!"

"ቢሆንም ሞቀኝ።"

አቶ ፓልመር በዚህ ነገር የሚስታቸውን ቃል ማመን እንደማይገባቸው የተረዱት ያን ጊዜ ነው። እሳቱ ከተለኮሰበት ቀን ጀምረው በየጠዋቱ ከመስኮቱ ሥር ተንበርክከው መዳፋቸውን ጠርዙ ላይ ያሳርፋሉ፤ ቆይተውም ሙቀቱን ያዳምጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀዝቃዛ ነበር። በሁለተኛው ለብ አለ። በሦስተኛው ከመካከሉ እምብዛም የማይለይ ሆነ።

የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ በጣለ ማግስት ደግሞ ውጭ ወጥተው ሌላ ምስክር አገኙ። ድሮ ሾልኮ የሚወጣው ሙቀት በግድግዳው ሥር አንድ ክንድ የሚሆን በረዶ እያቀለጠ አፈሩን ራቁቱን ያስቀረው ነበር። አሁን ግን በረዶው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ሙቀቱ ከቤት አልወጣም። አቶ ፓልመር ባርኔጣቸውን አውልቀው አመሰገኑ።

ቀና ሲሉ ወይዘሮ አርዲስን በመስኮቱ አዩአቸው። በእጃቸው የማሽላ ጣሳ ይዘዋል። የበረዶው ወራት በመጣ ቁጥር በዚያች ራቁት መሬት ላይ ለግራጫዎቹ ድንቢጦች ማሽላ ይበትኑ ነበር፤ ወፎቹም ከመስኮቱ ሥር ሲለቅሙ እያዩ ይሰፉ ነበር። አሁን የበተኑት ማሽላ ለስላሳው በረዶ ውስጥ ሰምጦ ጠፍቷል፤ ወፎቹም ቅርንጫፍ ላይ ተኮማትረዋል። ወይዘሮ አርዲስ ጣሳውን ከድነው ወደ መርፌያቸው ተመለሱ።

አቶ ፓልመርም አካፋቸውን አመጡና ከመስኮቱ ሥር ያለውን በረዶ ጠርገው አፈሩን አወጡት፤ ከዚያም መስኮቱን በጣታቸው አንኳኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራቸው ሁለት ሆነ፤ አስቀድመው ተንበርክከው ወለሉን ይዳስሳሉ፣ ቀጥለው ወጥተው በረዶውን ይጠርጋሉ።

በጥር ሐኪሟ ተረከዛቸውን ወዲያና ወዲህ አገላብጣ አየችና ፊቷ በራ። "ቁስሉ ተዘግቷል፤ አዲስም የለም። ወለሉ እንዴት ሆነልዎ?"

"ክፉ አይደለም" አሉ ወይዘሮ አርዲስ።

ሐኪሟ ፈገግ ብላ፣ "እግርዎ አይሰማውም፤ በምን አወቁ?" አለቻቸው።

ወይዘሮ አርዲስ ወደ ባላቸው እጅ አመለከቱ። "በየጠዋቱ እሱ በመዳፉ ይዳስስልኛል። የሚሰማኝ በእሱ እጅ ነው።"

አቶ ፓልመር አንገታቸውን ደፍተው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ።

እግዚአብሔር የአቶ ፓልመርን እጅ ያጽና፤ የወይዘሮ አርዲስንም እግር ይጠብቅ። ቤታቸው ሙቀት፣ መስኮታቸውም ወፍ አይጣ። አሜን።