እምቢ በይኝ ያለችኝ ሰሞን

እንግዲህ ልጻፍልሽ ካልሽ ጻፊ። እናትሽ ታነበዋለች ብለሽ አትፍሪ፣ ታንብበው። ከሷ ተደብቆ የሆነ ነገር የለም፣ ሁሉም ፊቷ ነው የሆነው።

እናትሽ ከምትሠራበት ቢሮ ከተቀነሰች በኋላ ብዙ ጊዜ ቤት ተቀመጠች። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ተነስታ ትለብሳለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ከዛ የምትሄድበት ስለሌላት ሶፋው ላይ ቁጭ ትላለች። ሰው ለብሶ ወጥቶ ሳይሄድ ማየት ያደክማል። አንድ ቀን ግን የድሮ የሥራ ጓደኛዋ ደወለችላትና ብስራተ ገብርኤል ጋ አንድ ፎቅ ላይ ስብሰባ ወሰደቻት። ስትመለስ ፊቷ በርቷል።

"እማዬ፣ ሥራ አገኘሁ።"

"ተመስገን ጌታ! የምን ሥራ?"

"የራሴ ቢዝነስ።"

"ቢሮው የት ነው?"

"ቢሮ የለውም። ቢሮው እኔ ነኝ።"

ምንም አልገባኝም። ግን ደስ ብሏት ካየኋት ስለቆየ አብሬያት ተደሰትኩ።

ወዲያው ካርቶን መጣ። የጥርስ ሳሙና፣ የሚበጠበጥ ሻይ፣ ለጉልበት ነው የተባለ ክኒን። ቦታ ስለሌለን አልጋዬ ሥር ገባ። እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንቺ ዕቃውን ትገዢያለሽ። ከዛ ሁለት ሰው ታስገቢያለሽ፣ አንዱን በቀኝሽ አንዱን በግራሽ። እነሱም ይገዙና ሁለት ሁለት ሰው ያስገባሉ። ከሥርሽ ያለው ሰው በበዛ ቁጥር ላንቺ ገንዘብ ይመጣል።

"የመጨረሻው ሰውዬስ? ከሥሩ ማንም የሌለው?" አልኳት።

"እሱም ያስገባል።"

"ሰው ሲያልቅስ?"

"ኧረ እማዬ፣ ሰው ያልቃል እንዴ!"

እሷ ይሄን ሁሉ ከተማ ነው የምታየው። እኔ የማውቀው ይሄን የኮንዶሚኒየም ብሎካችንን ነው። የብሎካችን ሰው ያልቃል።

ከዛ ልምምዱ መጣ። አለቃቸው፣ ሊደር የሚሉት፣ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ልጅ ነው። ሰው እምቢ ሲል የሚለው ነገር ይታወቃል፣ መልሱን ቤታችሁ ተለማመዱ ብሏቸዋል። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እኔ ሰፌዴን ይዤ ምስር እለቅማለሁ፣ እናትሽ ከፊቴ ትቆማለች።

"እሺ እማዬ፣ እምቢ በይኝ።"

"ምን ብዬ?"

"የመጣልሽን በይ።"

"ገንዘብ የለኝም።"

"ይገባኛል። እኔም መጀመሪያ እንዳንቺ ነበር የማስበው። በኋላ ግን ሳየው፣ ገንዘብ ስለሌለኝ ነው መጀመር ያለብኝ።"

"ጊዜ የለኝም።"

"ይገባኛል። እኔም መጀመሪያ እንዳንቺ ነበር የማስበው። በኋላ ግን ..."

ምንም በይ ምን፣ መልሱ እንደዛ ነው የሚጀምረው። ፈገግ ብላ፣ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ። የኔ ልጅ ድሮ እንደዛ አትስቅም ነበር።

እየቆየሁ እምቢ ማለቱን ቻልኩበት። "የጥርስ ሳሙና እታች ሱቅ በርካሽ አለ" እላታለሁ። "የምትሸጪልኝ ለጥርሴ አስበሽ ነው ወይስ ከሥርሽ ልታስገቢኝ?" እላታለሁ። "ሀብታም ሆነ የምትሉት ሰውዬ ዕቃ ሸጦ ነው ወይስ ሰው ሰብስቦ?" እላታለሁ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ካንቺስ ያውጣኝ!" ትላለች። እንስቅ ነበር፣ አልዋሽሽም። ከተቀነሰች ወዲህ አብረን የሳቅነው ያኔ ነው።

አንድ ቀን "ሰው ሲያየኝ ይሸሸኛል" አልኳት።

"ይሄ ትምህርቱ ውስጥ የለም" አለችና ወደ ሌላው አለፈች።

ስብሰባውም አንዴ ወስዳኝ አይቼዋለሁ። አዳራሹ ሙሉ ወጣት ነው። ተነሱ ሲባል ይነሳሉ፣ አጨብጭቡ ሲባል ያጨበጭባሉ፣ ይጮሃሉ። የቸርች ኮንፈረንስ መሰለኝና ሃሌ ሉያ ልል ምንም አልቀረኝም። አንዷ ማይክ ይዛ ጉልበቷ እንዴት እንደዳነ ተናገረች። እናትሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እማዬ፣ አንቺም ስለ ጉልበትሽ መስክሪ" አለችኝ።

"ጉልበቴ መች ዳነ?"

"ይድናል ብለሽ በእምነት ተናገሪ።"

"ልጄ፣ እኔ የምመሰክረው ቸርች ነው። እሱንም ከሆነ በኋላ ነው።"

ላፍቶ ቤታችን እስክንደርስ ታክሲ ውስጥ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታይ ነበር።

ብሎካችን እንደምታውቂው በር አይዘጋም ነበር። ሁሉም በሩን ከፍቶ መጋረጃ ይጥላል፣ ሲያልፍ "እንዴት አደራችሁ" ብሎ ያልፋል። እናትሽ ሰው ማናገር ከጀመረች ወዲህ ግን፣ የጫማዋ ድምፅ ደረጃው ላይ ሲሰማ በሮቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። እታች ያለችው ልጅ እናትሽን ስታይ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ታደርግና "ሄሎ፣ ሄሎ" ትላለች። ማንም አልደወለላትም። ረቡዕ ረቡዕ ለጸሎት እኛ ቤት የሚመጡት እህቶችም ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መቀመጥ ጀመሩ፣ ሊነሱ እንደተዘጋጁ። እናትሽ ሻይ ስታቀርብ አንዷ ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ አየችና "ይሄ ደህናው ሻይ ነው ወይስ የካርቶኑ?" አለች። ሁሉም ሳቁ። እናትሽም ሳቀች። እኔ ግን ጀርባዋን ሳየው አልሳቀም።

በሯን ያልዘጋችብን አንድ ሰው ቀረች። ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤቴ።

አንቺ እሷን ሳምቡሳ ስትሰጥሽ ነው የምታውቂያት። እኔ ግን ዕጣው ወጥቶልን በአንድ ሰሞን ነው እዚህ የገባነው፣ መስኮቱ መስታወት ሳይኖረው። እሷ ከስልጤ የመጣች እስላም፣ እኔ ከወላይታ የመጣሁ ጴንጤ፣ ሁለታችንም አማርኛው ይሰባበርብን ነበር። ውሃ ሲጠፋ አንድ ጀሪካን ለሁለት ይዘን ነው ደረጃውን የወጣነው። አያትሽ ሲሞት ደግሞ ሱቋን ዘግታ ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ከጎኔ አልጠፋችም። ሱቅ የሚነግድ ሰው ሱቁን መዝጋት ምን እንደሆነ አንቺ አይገባሽም።

እናትሽ እሷንም ጠይቃት ነበር። "ልጄ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ" አለቻት። "ሳሙና የፈለገ ይመጣል፣ ይገዛል፣ ይሄዳል። የገዛኝን ሰው ሁሉ ና አንተም ከጎኔ ሱቅ ክፈት ብለው፣ ማን ይገዛኛል?"

"ይገባኛል፣ እኔም መጀመሪያ እንደርስዎ ነበር የማስበው ..." ብላ ጀመረችላት።

"እሺ፣ ከልጆቼ ጋር ልማከር" አለቻት ጎረቤቴም። በዛው ተወችው።

ከዛ የወሩ ሂሳብ ሊዘጋ ነው ተባለ። በግራ ጎኗ አንድ ሰው ጎድሏታል፣ እሱ ካልገባ የወሩ ልፋቷ ባዶ ይቀራል። እናትሽ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

"እማዬ፣ አንቺ ብትሄጂላት እምቢ አትልሽም።"

"ምን ብዬ?"

"እንደ ሽማግሌ ሆነሽ። ሊደራችንም ብሏል፣ የሚከበር ሰው ይዛችሁ ሂዱ ብሏል።"

እኔ በዕድሜዬ ለሽምግልና ሄጃለሁ። ሴት ልጅ ለመጠየቅ ሄጃለሁ፣ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሄጃለሁ። ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ ቁጭ በሉ ቢባል ቆሞ ነው የሚለምነው። ባለቤቱም ሽማግሌ አቁሞ መመለስ ይከብደዋል።

"ለጥርስ ሳሙና ሽማግሌ ይላካል?" አልኳት።

"ለጥርስ ሳሙና አይደለም፣ ለኔ ነው!" አለችና አለቀሰች። የምሯን ነው ያለቀሰችው። ምርኩዜን አንስቼ ወጣሁ።

በሯ ክፍት ነው። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

"ነይ፣ ቁጭ በይ" አለችኝ።

"ቆይ።"

"ቆይ?" ጨርቅ ታጥፍ ነበር፣ አስቀመጠችው። "አንቺ እዚህ ቤት ቆመሽ ታውቂያለሽ? ይሄን ሶፋ ያጎደጎድሽው አንቺ አይደለሽ?"

ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅኩም። እሷም አየችኝ፣ ምርኩዜንም አየችው።

"ልጅሽ ናት የላከችሽ?"

"እሷ ናት።"

"ያ ረቢ።" ጨርቁን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። "ስሚኝማ። አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ እሺ ነው የምለው። አንቺን ቆመሽ እያየሁ እንዴት እምቢ እላለሁ? ወላሂ እገባላታለሁ፣ ሳሙናውንም እገዛለሁ። ግን ከዛ በኋላ መጋረጃውን ገልጠሽ ስትገቢ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጋ ይሆን እላለሁ። እስከዛሬ ብዬ አላውቅም።"

ያን ሁሉ ጠዋት እምቢ ስል ይሄ አልመጣልኝም። እናትሽ ከበራችን ኋላ ቆማ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ልጄ ናት፣ በዛ ላይ ስታለቅስ ነው ትቻት የመጣሁት።

"ወይ ተናገሪ ወይ ተቀመጪ" አለችኝ ጎረቤቴ።

ተቀመጥኩ።

እሷም ተነስታ ሻይ ጣደች። ስለ ውሃው አወራን፣ ፉሪ ላይ ቤት ስለሠራው ልጇ አወራን፣ የማን ጉልበት እንደሚብስ ተከራከርን። የመጣሁበትን እሷም አላነሳችው እኔም አላነሳሁት።

ስመለስ እናትሽ በሩ ሥር ናት።

"እሺ አለች?"

"አልጠየቅኳትም።"

"እንዴ! ታዲያ እስካሁን ምን ስታደርጊ ነበር?"

"ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ።"

"እማዬ ምን ሆነሻል? አንድ ቃል ብትናገሪ እኮ ..."

"ደክሞኛል ልጄ። የምሬን ነው፣ ደክሞኛል። ሰዉም ደክሞታል። እኔ ደጅ ሳንኳኳ ሰው እንዳይደነግጥ ነው የምፈልገው፣ ሌላ ምን ቀረኝ?"

ፈገግ አለች። ራሷን ነቀነቀች። "ይገባኛል" አለችኝ፣ "እኔም መጀመሪያ እንዳንቺ ነበር የማስ ..."

"ልጄ" አልኳት፣ "አሁን ልምምድ አይደለም።"

ያንን ማለቷንም አላወቀችውም መሰለኝ። ሄዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ከነጫማዋ፣ እንደዛ እንደ መጀመሪያው ሰሞን። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ወሩ ተዘጋ፣ የጎደለው ሰውም እንደጎደለ ቀረ። ወዲያው ተወችው ብዬ አልዋሽም፣ አሁንም አንዳንዴ ወደ ብስራተ ገብርኤል ትሄዳለች። ካርቶኑም አልጋዬ ሥር ነው፣ በጥርስ ሳሙናው እንታጠባለን፣ ሳሙናውስ ምንም አይልም። ልምምዱ ግን ቀርቷል። ምስሩን ብቻዬን ነው የምለቅመው። አንዳንዴ እምቢ በይኝ ብትለኝ እላለሁ፣ ቢያንስ እንድንስቅ።

ባለፈው ጎረቤቴ መጣች። በቁልፏ ነው የምታንኳኳው፣ ስለዚህ እሷ እንደሆነች አውቃለሁ። እናትሽ ከፈተችላት። ጎረቤቴ ወዲያው አልገባችም። በሩ ላይ ቆም አለችና ከፊቷ በፊት የእናትሽን እጅ አየች፣ የያዘችው ነገር እንዳለ ለማየት። እናትሽም እጇን ስታይ አየቻት። ቀስ ብላ እጇን ወደ ኋላዋ አደረገችው፣ ባዶ እጇን።

"ግቢ እንጂ" አልኩ እኔ ከውስጥ። "ምስሩ ጠጠር በጠጠር ነው፣ ነይ አግዢኝ።"

"መነጽሬን አልያዝኩም" አለች። ገባች።